ሲስተር ብርነሽ ያዘዙልን መጻሕፍት

ስልኬ ላይ የሲስተር ብርነሽ ስም ሲመጣ በቀልድ ነበር የማነሳው። የዚያን ቀን ጠዋትም ሱቁን ገና ከፍቼ፣ የተኛውን የዝናብ ውሃ ከደጃፉ እየጠረግሁ ሳለ ደወሉ። «ሲስተር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊቆጡ ነው?» አልኩ። ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰይፉ እንደሚባሉ፣ ወንድማቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። «መጨረሻ የደወለችው ላንተ ስለሆነ ነው» አሉ። የቀረውን ሳይናገሩት ገባኝ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቴ የጫማ ነጋዴው ምን ሆንክ፣ ማን ሞተብህ አለኝ። እናቴ አይደሉም፤ አክስቴም አይደሉም። መጽሐፍ የሚያዙልኝ ሴትዮ ሞቱ ብል ማን ይገባዋል?

ሲስተር ብርነሽ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ከሸዋ ተመድበው መጥተው፣ በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ሲዘዋወሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ጅማ ከተማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ቤት ሠርተው ቀሩ። ኦሮምኛቸው እዚሁ ከተወለድኩት ከእኔ ይሻል ነበር፤ ስሳሳት ደንበኛ ፊት ያርሙኛል። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፣ ካረፉ ቆይተዋል። ልጅ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ክፍል ሙሉ መጽሐፍና የማያርፍ ምላስ ነው።

እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፤ ሽፋንና ቻርጀርም እሸጣለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ደግሞ ቴሌግራም ላይ «የዝናብ ንባብ» የሚል ግሩፕ ከፍተን ነበር። ጅማ ዝናብ ከያዘ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ያኔ ምን እናንብብ የሚለውን ለመጠያየቅ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጠቁማል፣ መጽሐፍ ያለው ያውሳል። እየቆየ ከአጋሮም፣ ከየቡም፣ ከሊሙ ገነትም ሰው ገባበት።

ሲስተር ወደ ሱቄ የመጡት የስልካቸውን ፊደል እንዳሳድግላቸው ነው። እኔ የእሳቸውን ስልክ ስነካካ እሳቸው ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን የእኔን ያነባሉ፤ የሰው ስልክ ማንበብ ነውር ነው የሚል ነገር አያውቁም። አንድ ወጣት «ሕይወቴን የሚቀይር መጽሐፍ ጠቁሙኝ» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ የመጽሐፍ ስም ተደርድሯል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው አነበቡና፣ የልጁ ሕይወት ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«ሳትመረምሩት ነው የምታዝዙለት?» አሉኝ። «አስገባኝ እስቲ እዚህ ውስጥ።»

አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲህ ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ልሁን እንጂ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

መጻፍ አይወዱም፤ ድምፅ ነው የሚልኩት። ድምፃቸው ረጅም ነው። መጀመሪያው ሰላምታ ነው፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ መሃል ላይ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል፣ ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ስልኩን መዝጋት ረስተው ከድመታቸው ጋር ሲነጋገሩ ይሰማል። ሕይወቱ እንዲቀየርለት የፈለገውን ልጅ ዕድሜውን ጠየቁት። እንቅልፉን ጠየቁት። ሰሞኑን ከማን ጋር እንደተጣላ ጠየቁት። ልጁ መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ፈተና እንደወደቀና ከአባቱ ጋር እንደማይነጋገር ተናዘዘ። ሌሎቹ ሁሉ ስለ ስኬትና ስለ ዓላማ የተጻፉ መጻሕፍት ሲደረድሩለት፣ ሲስተር ስለ አንድ ሰነፍ ሌባ የሚተርክ አስቂኝ ልብወለድ አዘዙለት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። «ያልተስማማህ እንደሆነ አቁመህ ንገረኝ» አሉት፤ «መጽሐፍ እየመረረ ይዋጣል ያለህ ካለ ውሸቱን ነው።» ልጁ ሌባው አንድ ቤት ገብቶ እንቅልፍ የወሰደው ቦታ ሲደርስ ብቻውን መሳቅ ስላቃተው ለአባቱ ጮክ ብሎ እንዳነበበላቸው ጻፈልን። ሲስተር «መድኃኒቱ ሠራ» እንኳ አላሉም። መጽሐፉ እንዳይቆሽሽ ብቻ አስጠነቀቁት።

መጽሐፉን ከራሳቸው መደርደሪያ ነበር የሚልኩት። በፌስታል ጠቅልለው፣ በፕላስተር አሽገው፣ መናኸሪያ ወስደው ለአጋሮ ወይም ለሊሙ ሚኒባስ ሾፌር ይሰጡታል። ሾፌሮቹ ለምደውታል፤ «የሲስተር መድኃኒት» ይሉታል። አንዱ ሾፌር እውነት መድኃኒት መስሎት ኖሮ ፀሐይ እንዳይነካው ከወንበር ሥር ያስቀምጠው ነበር።

ሁሉም ሰው አልወደዳቸውም። ግሩፑ ውስጥ ራሱን «የመጽሐፍ ጅብ» ብሎ የሚጠራ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ። አብዲሳ ነው ትክክለኛ ስሙ፣ ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ስለጨረሰው መጽሐፍ ሁሉ ረጅም ሐተታ ካልጻፈ እህል አይወርድለትም። ሲስተር ሐተታውን አንብበው «ጅቡ፣ ሥጋው የት አለ?» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሴትዮዋ መጽሐፍን እንደ ሽሮፕ ነው የሚያዩት ብሎ ያማርራል። ግን የሚዋሰው ከእሳቸው ነው።

እንዲህ ስንሳሳቅ ከርመን፣ አንድ ቀን ከአጋሮ ዘይነባ የምትባል አባል አንዲት አጭር ጥያቄ ጻፈች። ልጅ ስለሞተባት እናት የሚያወራ መጽሐፍ የምታውቁ አላችሁ? ብላ።

ግሩፑ ተረበሸ። ዘይነባ ምን እንደደረሰባት ሳትናገርም ሁሉም ገብቶታል። አንዱ እንዲህ ያለውን ነገር አታንብቢ አላት። ሌላዋ ስለ ተስፋ የሚያወራ ላከችላት። ጅቡም ስለ አበባ አተካከል የሚያስተምር መጽሐፍ ጠቆመ፤ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አይገባኝም። ዘይነባ ሁሉንም አመሰገነች። ሲስተር በግሩፑ ላይ ምንም አልተናገሩም። በማግስቱ ሱቄ መጥተው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ ጠየቁኝ፤ እሽጉን በእጃቸው ይዘዋል።

የላኩላት መጽሐፍ አንዲት ሴት ልጇ ከሞተባት በኋላ እንዴት ከሰው ጋር መኖር እንደቀጠለች የሚተርክ ነበር። እኔም አንብቤዋለሁ፣ ከእሳቸው ተውሼ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ታሪኩ ትንሽ ዘለል ያለ መስሎኝ፣ ደራሲው እንዲያ ፈልጎ ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ዘይነባ ግሩፑ ላይ አንድ ፎቶ ለጠፈች። መጽሐፉ መሃል ላይ ተከፍቶ፣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጠርዝ ለጠርዝ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ያማረ ነው፤ እኩል በእኩል፣ ጫፉ ላይ እንደ ቁስል ስፌት በቋጠሮ የታሰረ። ከፎቶው ሥር «ይህን የሰፋው ማነው?» ብላ ጽፋለች።

ከየቡ አንዲት ሴት እሷ ጋ ያለውም መጽሐፍ እንደተሰፋ ጻፈች። አንድ የሊሙ ሰውዬም «የእኔም» አለ። ሰው ሁሉ መጽሐፉን እያገላበጠ ፎቶ ይለጥፍ ጀመር። የባሰው የደረሰው ጅቡ ላይ ነው። ስለ አንድ ልብወለድ አጨራረስ፣ አጨራረሱ እንዴት አድርጎ ልብን እንደሚሰብር፣ ከወር በፊት ሐተታ ጽፎልን ነበር። ያ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፉ ከነስፌቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ያን ዕለት ከግሩፑ ጠፋ፤ ባንክ ስሄድም መስኮቱን ለሌላ ሰው ለቀቀ።

ሲስተር ማታውን አንዲት አጭር ድምፅ ላኩ። ዝናብም ዶሮም አልነበረባትም። «እኔ ነኝ» አሉ። ዘይነባ ድምፁን ሰማችው፤ ከዚያ ግሩፑን ለቃ ወጣች።

በማግስቱ አጋሮ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው መናኸሪያ ሲመጡ፣ ሾፌሩ ሲስተር ዛሬ እሽጉ እርስዎ ነዎት እንዴ ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። አልሳቁም። መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የሚሉትን እያጠኑ እንደሆነ የገባኝ የቡን ካለፍን በኋላ ነው። ሲስተር ብርነሽ ይቅርታ ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ለዚያ ነው ጥናት ያስፈለጋቸው።

ዘይነባ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ጨርቅ ትሸጣለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መለኪያ ብረቱን እንደያዘች የምታናግር ሴት ናት። ሲስተር ገና ሰላም ሲሉ ቀና አለች። ድምፃቸውን እንደምታውቀው ተናገረች። ተናዳለች፣ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ግን የሰው አገር እንግዳ ደጅ አይቆምምና ወደ ጓዳ አስገባችን፣ ሻይ አስመጣች፣ ለሲስተር መቀመጫውን በጨርቅ አለበሰችላቸው። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው፣ እንደተሰፋ።

ሲስተር ያጠኑትን ጀመሩ። ሞት ያለበትን ቦታ ድሮም እሰፋ ነበር፤ ያንቺንም ሐዘንሽ እንዳይብስ ብዬ፣ የቀረው የመጽሐፉ ክፍል ይጠቅምሻል ብዬ። ዘይነባ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«እኔ እኮ ስለ ልጅ ሞት የሚያወራ ብዬ ነው የጠየቅሁት» አለች። «ወላሂ፣ ተሳስቼ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ባለቤቴ ወሬ ይቀይራል። እናቴ አላህ ይተካልሽ ብላ ትነሳለች። ሁሉም እዚያች ቦታ ሲደርስ ይዘላታል። መጽሐፍ እንኳ አይዘላትም ብዬ ነበር። እርስዎም ዘለሏት። እነሱ በአፋቸው፣ እርስዎ በክር።»

ሲስተር ሻዩን አስቀመጡ። የቀረ የተጠና ነገር ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ አልነበራቸውም። «ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

«ሒክማ።»

«ምን ትወድ ነበር፣ ኢንታላ ኮ?»

ኢንታላ ኮ ልጄ ማለት ነው። ዘይነባ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ሻዩ አየች፣ ከዚያ ሒክማ ቁልፍ እንደምትወድ ተናገረች። የሸሚዝ ቁልፍ። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ በየቀለሙ ትለያቸው ነበር፤ ሲደክማት ጥቅል ጨርቅ ላይ ትተኛለች፣ ደንበኛም ያንኑ ጨርቅ ይመርጣል፣ እስክትነቃ ቆይ ይባላል። እዚህ ላይ እኔ ደንበኛ መጣ ብዬ ወደ ሱቁ ወጣሁ። እውነትም አንዲት ሴትዮ የመጋረጃ ጨርቅ ጠየቀችኝ፤ ስልክ የሚጠግን ሰው እንደሚለካው ለክቼ ሰጠኋት። መስኮቷ ምን እንደመሰለ አላህ ነው የሚያውቀው።

ከጓዳ የዘይነባ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሲስተር ብርነሽ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብለው ሰው ሲያዳምጡ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ስመለስ ዘይነባ ዓይኗ ቀልቷል፤ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣላቸዋለች።

«መቀስ ሞልቶኛል» እያለቻቸው ነበር። «ቆርጬ ላነበው እችል ነበር። የሰፋው ሰው ራሱ እንዲፈታው ፈልጌ ነው።»

ሲስተር ከቦርሳቸው ትንሽዬ መቀስ አወጡ፤ ነርስ ናቸውና ሁልጊዜ ይዘዋት ነው የሚዞሩት። ክሩን ወረቀቱ እንዳይቀደድ እያንዳንዱን ለብቻው ቆርጠው መዘዙት። ሲጨርሱ መጽሐፉን ሊሰጧት ዘረጉ። አልተቀበለቻቸውም፤ ማሎ፣ እባክዎ፣ ያንብቡልኝ አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡላት። አንድም ቃል አልዘለሉም። ድምፃቸው ሁለት ቦታ ላይ ወረደ፤ ከፍ አድርገው ቀጠሉ።

ስንመለስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዝናቡ የቡና እርሻውን ሸፍኖታል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያንቀላፋል። ሳልጠይቃቸው ስለ ባለቤታቸው ጀመሩ። ባላቸው በመጨረሻ ታመው አልጋ ሲይዙ ሲስተር በየቀኑ መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር። ሰው የሚሞትበት ቦታ ሲደርሱ ዘለው ያልፋሉ። ነርስ ስለሆኑ የባላቸው በሽታ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ባልየው እንዳያውቁት ነው የሚደክሙት።

«አንድ ቀን እያነበብኩለት» አሉኝ፣ «‹ብርነሽ፣ ይህ ሰውዬ ቅድም ደህና ነበር፤ ሚስቱ አሁን ለምን ጥቁር ለበሰች?› አለኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ጥቁር ያምርባታል አልኩት።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያዙ። ባላቸው ቀና ብለው አይተዋቸው፣ አዎ ያምርባታል ብለው ዝም እንዳሉ ነገሩኝ። ያን ቀን ነገሩን ያውቁት እንደነበር ለሲስተር የገባቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ባላቸው ሊያወሩት ፈልገው ይሆናል፤ ሲስተር ግን ዘለሉት። ከዚያ ጅማ እስክንገባ ድረስ የሾፌሩን አነዳድ ሲተቹ ቆዩ።

በነጋታው ግሩፑ ላይ ድምፅ ላኩ፤ ዝናቡም ዶሮውም ተመልሰዋል። ይቅርታው አጭር ነበር፣ ማስጠንቀቂያው ረዘመ። «የሰፋሁባችሁ ሁሉ መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ፣ እፈታላችኋለሁ። አንብባችሁ የማትጨርሱት ግን እንደተሰፋ ተዉት፤ ለእናንተ ልዩነት የለውም።» ሰዎች እየሳቁ ቦሳ አዲስ ሄዱ። ጅቡም ሄደ። ክሩን እየመዘዙለት አጨራረሱን ቀድሞ ስለሚያውቀው ሊያነበው እንደማይገባ ነገሩት። እዚያው ሳሎናቸው ተቀምጦ አነበበው። እውነትም ልብ ይሰብር እንደነበር፣ ሐተታው ትክክል እንደሆነ ሲነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑለት።

ዘይነባ ወደ ግሩፑ ተመለሰች። አትናገርም ነበር እንጂ ታነባለች። ሲስተር አልፎ አልፎ ይደውሉላታል፤ ስለ ሒክማ ነው የሚያወሩት። እኔ ፊት ሲደውሉም የሕፃኗን ስም እንደ ጎረቤት ልጅ ስም ነበር የሚጠሩት።

ከዚያ ልባቸው ደከመ። ሐኪም ብዙ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከላቸው፤ ዓይናቸውም ፊደሉን ምንም ያህል ባሳድግላቸው ቶሎ ይደክም ጀመር። ያን ሰሞን ነው ሲስተር ብርነሽ ራሳቸው መጽሐፍ ጠቁሙኝ ብለው የጠየቁት፤ ያውም የሚያስቅ። ግሩፑ ለዚህ ቀን ሲዘጋጅ የኖረ ይመስል ተነሳባቸው። ዕድሜ ስንት ነው? እንቅልፍ እንዴት ነው? ሰሞኑን ከማን ተጣሉ? ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። ዕድሜ፣ አያገባችሁም። እንቅልፍ፣ ድመቷ ካልፈቀደች የለም። ጠብ፣ ከሐኪሙ ጋር፣ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። ሰው ሁሉ ያለውን አስቂኝ መጽሐፍ ጠቆመላቸው፤ አንዱንም ሳይቀበሉ ቀሩ።

በመጨረሻ የመረጡት ከራሳቸው መደርደሪያ ነው። እልኸኛ በቅሎ ስለገዛ አንድ ነጋዴ የሚተርክ አሮጌ ልብወለድ፤ በቅሎዋ በየገበያው ትሸጣለች፣ በየማታው ወደ ሰውዬው ቤት ትመለሳለች። ታዲያ ዓይኔ ደክሟል፣ የሚያነብልኝ እፈልጋለሁ፣ ወንድ ግን አይሆንም፣ ጅቡ በተለይ አይሞክር አሉ። ከዚያ ዘይነባን በስሟ ጠሩ። ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ እያነበብሽ በስልክ ላኪልኝ አሏት። መጽሐፉን እኔው ነኝ ለሚኒባስ የሰጠሁት።

እዚሁ ቦሳ አዲስ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያነብላቸው ሰው ሞልቶ መጽሐፉን አጋሮ ድረስ መላክ ምን እንደሚባል ጠየቅኋቸው። ዝም በልና ላክ አሉኝ።

ዘይነባ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ታነባለች። ሲስተር ሲያስደምጡኝ ድምፁ እንደ ማስታወቂያ ነው፤ በቅሎዋ ወንዝ መሃል ቆማ ነጋዴውን ውሃ ውስጥ ስትጥለው እንኳ ከንግግሯ አንድ ቃል አይነሳም፣ አይወርድም። ሲስተር እየሳቁ፣ እያሳላቸው፣ «ዜና ነው እንዴ የምታነቢልኝ?» ብለው ይመልሱላታል። በሚቀጥለው ቀን የነጋዴውን ድምፅ ለመለወጥ ትሞክራለች። በቅሎዋን ግን አትሞክርም። ሲስተር በቅሎዋን አምጫት እያሉ ይጨቀጭቋታል፤ ያንን እየጠበቁ ስልኩን ትራሳቸው ሥር ያስቀምጡት ነበር። መጨረሻ የጠየቅኋቸው ቀን ዘይነባ አንዴ እንኳ እንዳልሳቀች በቁጭት ነገሩኝ። ቀልዱ ለእሳቸው ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እሳቸው ግን በየቀኑ የሚያዳምጡት ሌላ ነገር ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ነው እንግዲህ ወንድማቸው የደወሉልኝ።

ለቅሶው ቦሳ አዲስ፣ ደጃቸው ላይ በተተከለ ድንኳን ነበር። አቶ ሰይፉ ቴሌግራም የሚባለውን ስለማያውቁ የእህታቸውን ስልክ ሰጥተውኝ ለወዳጆቿ ንገርልኝ አሉኝ። ነገርኩ። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በድምፃቸው ይተዋወቁ ጀመር። አንዲት አሮጊት አብዲሳን ማን ልበል ቢሉት ደንግጦ «የመጽሐፍ ጅብ» አላቸው፤ ሴትዮዋ አማትበው ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ።

ዘይነባ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቷ ጋር ከአጋሮ መጣች። የአቶ ሰይፉን እጅ ይዛ ከተቀመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ የላከችውን የመጨረሻ ድምፅ ሲስተር ሰምተውት እንደሆነ በዝግታ ጠየቀችኝ። ስልኩን ከፈትኩት። የላከችው ድምፅ አጠገብ ያልተሰማ መሆኑን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ እንዳለች ናት። አሳየኋት። ሊከፈት ይገባዋል አይገባውም ብዬ ሳስብ እጇን ዘርግታ ራሷ ነካችው።

መጀመሪያ የነጋዴው ድምፅ መጣ። በቅሎዋን አራተኛ ገበያ ወስዶ ለአንድ ቄስ ሊሸጣት እየማለ ነው። ከዚያ ዘይነባ ትንፋሽ ወሰደችና የበቅሎዋን ድምፅ አወጣች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መጨረሻው የሚሰበር። የራሷ ድምፅ ራሷን አሳቃት። ልትቀጥል ሞከረች፣ «ቄሱም» አለች፣ አልቻለችም። እንደገና «ቄሱም» አለች። ከዚያ በኋላ ቃል የለም፤ ሳቅ ብቻ ነው፣ ከሆድ የሚመጣ፣ ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር እስኪወድቅ ድረስ። በሳቁ መሃል «ይቅርታ ሲስተር፣ ነገ፣ ነገ አነብልዎታለሁ» ብላ ዘጋችው።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ወደኛ ዞሩ። የዘይነባ ባለቤት ሚስቱን ያያል፤ ያን ሳቅ ከሰማው ብዙ ጊዜ እንደሆነው ፊቱ ላይ ይነበባል። እሷ አንገቷን ደፍታ የሻርፗን ጫፍ ነክሳለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ አቶ ሰይፉ ዞርኩ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ ስልኩ እየሳቡ ነበር።

«መልሰህ ክፈተው እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።